በመጽሐፍ ቅዱስ የባሕር ጉዞዎች የእግዚአብሔር መሪነትና ብርሃን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የነነዌ ጾም በገባ ቁጥር፣ ጎንደር ውስጥ እኔ በማስተምርበት ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ትንቢተ ዮናስን እናነባለን። ንባቡ ካለቀ በኋላ ጥያቄው ከዮናስ ያልፍና ወደ ኖኅ፣ ወደ ሙሴ፣ ወደ ሐዋርያትና ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ይሻገራል። ጠያቂዎቹ ስለ ጥንት መርከቦች ለማወቅ ብቻ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የፈተና ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ፣ ልጁ የተሰደደበት አባት፣ ሥራዬን ልልቀቅ አልልቀቅ እያለች እንቅልፍ ያጣች እናት በመካከላቸው አሉ። ከዚህ በታች የሰፈሩት በየዓመቱ የሚመላለሱት ጥያቄዎችና ቅዱሳት መጻሕፍትን እያገላበጥሁ፣ አባቶችንም እየጠየቅሁ የሰጠኋቸው መልሶች ናቸው።

እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ የባሕር ጉዞ ታሪክ ምን ይመለከተናል?

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናትና ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ባሕር የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ሰፊ ነው። የደንቢያና የጎርጎራ ሰው ጣናን የሚጠራው «ባሕሩ» ብሎ ነው፤ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወርደው የሚያድሩበት፣ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ የሚሞላው የዐፄ ፋሲል መዋኛም በካህናቱ አንደበት ጥምቀተ ባሕር ነው። በጥምቀት ሰሞን «ባሕርኒ ርእየት ወጐየት፣ ወዮርዳኖስኒ ገብአ ድኅሬሁ» (ባሕር አየች፣ ሸሸችም፤ ዮርዳኖስም ወደ ኋላው ተመለሰ) የሚለው የዳዊት መዝሙር ሲሰማ፣ ጧፍ ይዞ በውኃው ዳር የቆመ ምእመን የኤርትራን ባሕር ታሪክ ከሩቅ ሀገር እንደ መጣ ወሬ አይሰማውም።

ከዚህም በላይ በግእዙ ኦሪት ዘፍጥረት የኖኅ መርከብ የተጠራችበት ቃል «ታቦት» ነው፤ ሙሴ የሕጉን ጽላት ያኖረበትም ያው ታቦት ተብሏል። ስለዚህ በከተራ ዕለት ታቦቱን አጅቦ ወደ ውኃው የሚወርድ የጎንደር ሰው፣ ቢያስተውለውም ባያስተውለውም፣ የኖኅን መርከብ ስም እየጠራ ይሄዳል። እመቤታችንም በምስጋና ጸሎታችን በኖኅ መርከብ ትመሰላለች።

በእነዚህ ጉዞዎች መሪነትና ብርሃን በምን መልክ ተገለጠ?

ሁልጊዜ በአንድ መልክ አልተገለጠም፤ ልዩነቱን ማስተዋል ደግሞ ብዙ ሰው ከሚሳሳትበት ስሕተት ይጠብቃል። ከኖኅ እንጀምር። እግዚአብሔር የመርከቢቱን ልክ በዝርዝር ነግሮታል፤ ርዝመቷ 300 ክንድ፣ ወርዷ 50 ክንድ፣ ከፍታዋ 30 ክንድ፣ ውስጧም ባለ ሦስት ደርብ እንዲሆን አዟል። በዚያ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ግን ስለ መሪም ሆነ ስለ ሸራ አንድም ቃል የለም። ኖኅ መርከብ ሠራ እንጂ መርከቢቱን ወዴት እንደሚነዳት አልተነገረውም። ከገባ በኋላ በሩን የዘጋበት እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ ከዚያም «ከመርከቢቱ ውጣ» እስከሚለው ትእዛዝ ድረስ አንድ ዓመት ያህል ባለው ጊዜ ውስጥ እግዚአብሔር ኖኅን እንዳነጋገረው መጽሐፉ አይናገርም። የሚለው «እግዚአብሔርም ኖኅን አሰበ» ብቻ ነው።

ኖኅ ግን በዚህ ዝምታ ውስጥ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። መስኮት ከፍቶ ቁራን ላከ፣ ርግብን ላከ፣ ሰባት ቀን ቆየ፣ ደግሞ ላከ። ማታ ርግቢቱ በአፏ የያዘችው የወይራ ቅጠል ለኖኅ በቂ መልእክት ሆነለት። ያም ሆኖ ቅጠሉን አይቶ በሩን ሰብሮ አልወጣም፤ የዘጋው እስኪያስወጣው ጠበቀ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ይህ ትዕግሥት ነው፤ መሬት መድረቋን በዐይኑ አይቶ እንኳ የጠበቀ ሰው ነውና።

በሙሴ ዘመን ደግሞ ብርሃኑ ለዐይን የሚታይ ነበር። ቀን የደመና ዓምድ፣ ሌሊት የእሳት ዓምድ በሕዝቡ ፊት ይሄድ ነበር። ነገር ግን በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 14 ቁጥር 19 እና 20 ላይ ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር ተጽፏል፦ ሕዝቡ ወደ ባሕሩ ሊገባ በተቃረበበት በዚያች ሌሊት ዓምዱ ከፊታቸው ተነሥቶ ወደ ኋላቸው ሄደ፤ በግብፃውያንና በእስራኤል ሠራዊት መካከልም ቆመ። ለአሳዳጆቹ ጨለማ፣ ለተሳዳጆቹ ብርሃን ሆነ። ፊት ፊታቸውን ሲሄድ ማየት የለመዱትን ዓምድ፣ እጅግ በፈለጉት ሰዓት ከፊታቸው አጡት፤ ከፊታቸው የነበረው ሌሊቱን ሙሉ የሚነፍሰው የምሥራቅ ነፋስና የሚከፈለው ውኃ ነበር። «መንገድህ በባሕር ውስጥ ነው፣ ፍለጋህም አይታወቅም» የሚለው የመዝሙር ሐሳብ (በእኛ ቍጥር መዝሙር 76) የዚያችን ሌሊት ነገር የሚያስታውስ ነው። በሕይወቱ እግዚአብሔር የተለየው የመሰለውን ሰው ስሰማ ወደዚህ ክፍል እወስደዋለሁ፤ ከፊት የጠፋው ብርሃን ከኋላ ቆሞ ጠላትን እየከለከለ ሊሆን ይችላልና።

የገሊላ ባሕር ሐይቅ አይደለምን? ዓሣ አጥማጆች ሆነው ሳለ ለምን ያን ያህል ፈሩ?

አዎን፣ ጣፋጭ ውኃ ያለው ሐይቅ ነው፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐይቅ ይለዋል። ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ 84 ኪሎ ሜትር በ66 ኪሎ ሜትር ያህል ከሆነው ከጣና ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። አስቸጋሪ የሚያደርገው አቀማመጡ ነው። ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በከፍተኛ ቦታዎች ተከብቦ ስለሚገኝ፣ ከላይ የሚወርደው ነፋስ በድንገት ያናውጠዋል። ደቀ መዛሙርቱም የፈሩት ውኃውን ስለማያውቁት ሳይሆን በደንብ ስለሚያውቁት ነው።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ጌታችን በታንኳይቱ በስተኋላ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር። የቀሰቀሱትም «ስንጠፋ አይገድህምን?» ብለው ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ደግሞ እርሱ በተራራ ላይ ሲጸልይ እነርሱ ለብቻቸው ከነፋስ ጋር ሲታገሉ አድረው፣ ከሌሊቱ በአራተኛው ክፍል በባሕር ላይ እየሄደ መጣላቸው። አራተኛው ክፍል በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ይህም ማለት ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል ነው የደረሰላቸው። ባዩትም ጊዜ ምትሐት መስሏቸው ጮኹ፤ «እኔ ነኝ፣ አትፍሩ» የሚለው ድምፅ ቀድሞ ካልተሰማ የሚመጣው እርዳታ ራሱ ሊያስፈራ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ማዕበል የመጣብኝ ከእግዚአብሔር ፈቃድ ስለወጣሁ ነውን?

ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ዮናስ ወደ ነነዌ ሂድ ሲባል ወደ ኢዮጴ ወርዶ፣ ዋጋውን ከፍሎ፣ ወደ ተርሴስ በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ፤ ማዕበሉም በእርሱ ምክንያት መጣ። ደቀ መዛሙርቱን ግን ወደ ታንኳይቱ እንዲገቡ ግድ ያላቸው ጌታ ራሱ ነው፤ እነርሱን ያገኛቸው ነፋስ በመታዘዝ መንገድ ላይ ነበር። ስለዚህ ጎረቤቱ መከራ ሲደርስበት «ምን በድሎ ይሆን?» ብሎ የሚፈርድ ሰው ከሁለቱ ታሪኮች አንዱን ብቻ ያነበበ ነው።

በዮናስ ታሪክ ውስጥ የሚያሳዝነው አሕዛብ መርከበኞች እየጸለዩ ነቢዩ ተኝቶ መገኘቱ ነው። «ምነው ተኝተሃል? ተነሥተህ አምላክህን ጥራ» ያለው የመርከቡ አለቃ ነው። እግዚአብሔር ነቢዩን እርሱን በማያውቅ ሰው አፍ ቀሰቀሰው። ምክር የምንሰማው ከምናከብረው ሰው ብቻ ከሆነ እንዲህ ያለው ድምፅ ያልፈናል።

እግዚአብሔር መንገዱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለምን አያሳየኝም?

ለዚህ ጥያቄ ከመጽሐፉ በፊት ያየሁትን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጎርጎራ ወደ አንድ የጣና ገዳም ለመሳለም ገና ሳይነጋ ተነሣን፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ቀዛፊዎች ማለዳውን ይመርጣሉ። የደንገሏ ታንኳ ውኃ ከሥሯ እየሰረገ ልብሴን ያረጥበው ጀመር፤ ፈርቼም የእጅ ባትሪዬን ወደ ፊት አበራሁ። ቀዛፊው አረጋዊ «ልጄ፣ አጥፋው፤ እርሱ ሲበራ እኔ ዳሩ አይታየኝም» አሉኝ። ሳጠፋው መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ዐይኔ ጨለማውን እየለመደ ሲሄድ ግን የዛፎቹ ጥቁር መስመር ከሰማዩ ተለይቶ ታየኝ፤ እርሳቸውም ከዚያ መስመር በላይ ጎልቶ የወጣ አንድ ዋርካ እያዩ ቀዝፈው አደረሱን።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የተጻፈው የቅዱስ ጳውሎስ ጉዞ ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የሰፋ መልስ አለው። በዚያ ዘመን መርከበኛ አቅጣጫውን የሚያውቀው ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በከዋክብት፣ በነፋስና በሚታወቁ የጠረፍ ተራሮች ነበር። ስለዚህ ሉቃስ «ብዙ ቀን ፀሐይንና ከዋክብትን አላየንም» ብሎ ሲጽፍ ስለ አየሩ መክፋት ብቻ አይናገርም፤ የት እንዳሉ የሚያውቁበት መንገድ ሁሉ እንደ ጠፋ እየነገረን ነው። በዚህ ላይ የመዳን ተስፋቸው ተቆርጦ ነበር።

የእግዚአብሔር መልአክ በጳውሎስ አጠገብ የቆመው በዚያ ጊዜ ነው። የተናገረውን ልብ እንበል፦ «ጳውሎስ ሆይ፣ አትፍራ፤ በቄሣር ፊት ልትቆም ይገባሃል፤ እነሆም፣ ከአንተ ጋር የሚሄዱትን ሁሉ እግዚአብሔር ሰጥቶሃል» አለው። በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሄዱ፣ ማዕበሉ መቼ እንደሚቆም፣ ደሴቲቱ ማን እንደምትባል አልነገረውም። ከዋክብቱም አልተመለሱም፤ ማዕበሉም አልቆመም። ሆኖም ይህ አንድ ቃል ለጳውሎስ በቂ ሆነለት፤ እርሱም ለብቻው አልያዘውም፤ በመርከቡ ለነበሩት 276 ነፍሳት ሁሉ አካፈለው። ከእነርሱ አብዛኞቹ መልአኩን አላዩም፤ ያዩት ያላዘነ ፊት ያለው እስረኛ ነው።

የሰው ጥበብም በዚያች ሌሊት ሥራውን አላቆመም። በ14ኛው ሌሊት መርከበኞቹ ወደ ምድር የቀረቡ መስሏቸው ገመድ ጥለው ጥልቀቱን ለኩ፤ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ በሚለካው ልክ መጀመሪያ 20፣ ጥቂት ዐልፈው 15 ሆነ። በዐለት ላይ እንዳይወድቁ ፈርተው ከመርከቡ በስተኋላ አራት መልሕቅ ጥለው እንዲነጋ ተመኙ። መርከበኞቹ በጀልባ ሊያመልጡ ባሰቡ ጊዜም «እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም» ያለው ያው የመልአኩን ቃል የሰማው ጳውሎስ ነው። ተስፋውን ስለተቀበለ ባለሙያ አያስፈልግም አላለም። ሊነጋ ሲልም እንጀራ ይዞ አመሰገነ፣ ቆርሶም በላ፤ ሌሎቹም ተጽናንተው በሉ። «ጸልዬአለሁና መድኃኒቱን አልወስድም» ወይም «እግዚአብሔር ያውቃል እንጂ እኔ አላጠናም» ለሚለኝ ሰው ይህን ክፍል ደጋግሞ እንዲያነብ እነግረዋለሁ።

ዕጣ በማውጣት ወይም በሕልም ፈቃዱን ማወቅ ይቻላልን?

በዮናስ መርከብ ዕጣ የጣሉት እግዚአብሔርን የማያውቁ መርከበኞች ናቸው። ሐዋርያት ማትያስን በዕጣ የመረጡት ከጰራቅሊጦስ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ በሐዋርያት ሥራ ዕጣ ሲጣል አናነብም። ቅዱስ ጳውሎስ በጢሮአዳ ሳለ የመቄዶንያ ሰው በራእይ «ተሻገርና እርዳን» ሲለው አይቷል፤ ይሁን እንጂ ጸሐፊው «እግዚአብሔር እንደ ጠራን መስሎን» ብሎ በብዙ ቁጥር መጻፉን እናስተውል፤ የጉዞ ጓዶቹም ነገሩን አብረው ተቀብለውታል። ሕልም ያየ ሰው ለንስሐ አባቱ ይንገር። ለገንዘብ ብሎ ሕልም ወደሚፈታ ሰው መሄድ ግን ከዚህ ጋር የሚያገናኘው የለም።

ልጄ በባሕር ሊሰደድ ተነሥቷል፤ «ጳውሎስን ያዳነ እኔንም ያድነኛል» ይለኛል። ምን ልበለው?

ይህን ጥያቄ እንደ ሌሎቹ ቶሎ ብዬ ልመልሰው አልችልም። ከአካባቢያችን በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያና ወደ ሜዲትራንያን ባሕር የሚያቀኑ፣ በሌላ በኩልም ከጅቡቲና ከሶማሊያ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩ ወጣቶች አሉ።

ለልጁ መንገር ያለብን ጳውሎስ ራሱ ያን ጉዞ መቃወሙን ነው። መልካም ወደብ በሚባለው ስፍራ ሳሉ የጾሙ ወራት አልፎ፣ ለመርከብ አደገኛ የሆነው ወቅት ገብቶ ነበርና «ይህ ጉዞ በጥፋትና በብዙ ጉዳት እንዲሆን አያለሁ» ብሎ አስጠንቅቋል። የመቶ አለቃው ግን ከጳውሎስ ይልቅ የመርከቡን መሪና የመርከቡን ባለቤት አመነ። ጳውሎስ እስረኛ ነበር፤ የመውረድ ምርጫ አልነበረውም። ምርጫ ያለው ሰው በዚህ ታሪክ ተማምኖ በደላላ ጀልባ ቢሳፈር፣ የሚከተለው የጳውሎስን እምነት ሳይሆን ምክሩን ያልሰማውን የመቶ አለቃ ውሳኔ ነው። ጌታችንም በፈተና ጊዜ ራሱን ከመቅደስ ጫፍ እንዲወረውር ሲጠየቅ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መልሷል።

የሄደ ልጅ ያላት እናት ግን ይህን ተግሣጽ አሁን መስማት አያስፈልጋትም። ቤተ ክርስቲያን በባሕርና በወንዝ ለሚጓዙ ትጸልያለች፤ ስሙን ይዛ ከዚያ ጸሎት ጋር ትቁም። ልጇ በባሕር የቀረባት እናት «ለእርሱ ብርሃን አልመጣለትም ማለት ነውን?» ብላ ጠይቃኝ ታውቃለች። ቅዱስ ጳውሎስ ሦስት ጊዜ መርከቡ እንደ ተሰበረ፣ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን በባሕር ውስጥ እንዳደረ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል፤ በዚያ ሌሊት መልአክ እንደ መጣለት አልጻፈም። በመዝሙረ ዳዊት ደግሞ (በእኛ ቍጥር 138) በባሕር መጨረሻ ብኖር በዚያ እጅህ ትመራኛለች፣ ጨለማም በአንተ ዘንድ አይጨልምም ይላል። ከእርሷ ጋር ይህን መዝሙር አነበብን፤ ከዚያ በላይ የጨመርኩት ነገር የለም።

አባ ሰላማ «ከሣቴ ብርሃን» መባላቸው ከባሕር ጉዞ ጋር ይገናኛልን?

ታሪኩ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈ ባይሆንም በቀጥታ ይገናኛል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ፍሬምናጦስ (በኋላ አባ ሰላማ የተባሉት) እና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት ልጆች ይዞ በባሕር ወጣ። ሲመለሱ መርከባቸው ለስንቅና ለውኃ በቀይ ባሕር ጠረፍ በቆመችበት የአካባቢው ሰዎች ተሳፋሪዎቹን ገደሉ። ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው ልጆቹ የተገኙት ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ነው፤ ስለዚህም አልተገደሉም፤ ወደ አክሱም ንጉሥ ተወሰዱ። በኋላ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ሲመለስ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ወርደው ከቅዱስ አትናቴዎስ ጵጵስናን ተቀብለው ወደ አክሱም ተመለሱ። ለኢትዮጵያ ብርሃንን የገለጡት አባት ወደ እኛ የመጡት ባልታሰበ ወደብ፣ በብዙ ኀዘን በኩል ነው። ልጆቹ በዚያ ቀን ይህን ሊያውቁ ከቶ አይችሉም ነበር።

ከቤተሰብ ጋር ከየትኛው ክፍል ማንበብ ልጀምር?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ይጀምሩ፤ ማታ ቢሆን ይመረጣል። ልጆች ካሉ ገመድ አምጥተው በሁለት እጃቸው ዘርግተው እየለኩ 20ውን፣ ከዚያም 15ቱን ይቁጠሩ፤ ጥልቀቱ እየቀነሰ መሄዱ ለምን እንዳስፈራ ያን ጊዜ ይገባቸዋል። መርከበኞቹ መልሕቃቸውን ጥለው ንጋትን በሚጠብቁበት ቦታ ላይ ንባቡን አቁመው ለሚቀጥለው ምሽት ያሳድሩት። እኔ እንዲህ ባነበብሁበት ሌሊት አንዲት ትንሽ ልጅ እስከ ማግስቱ መታገሥ አቅቷት መጽሐፉን ለብቻዋ ገልጣ አንብባለች። በማግስቱ በሩ ላይ ጠብቃ የነገረችኝ በቁጥር 39 ላይ ያገኘችውን ነው፦ «ነጋ፤ ግን ምድሪቱን አላወቋትም።»